አደጋን የሚያስቀር ሐሳብ ስንት ያወጣል?

ከመርከብ ሠሪዎች ግቢ የተጀመረ ገበያና ለእኛ ባለሀብቶች የሚተርፈው ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ1880 በስኮትላንድ፣ ደምባርተን በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ የሚገኝ አንድ የመርከብ ሠሪ ኩባንያ ያልተለመደ ግዢ ጀመረ። ሊገዛ የፈለገው ብረት፣ ሳንቃ ወይም የድንጋይ ከሰል አልነበረም። የፈለገው ሠራተኞቹ በጭንቅላታቸው ይዘውት የሚዞሩትን ሐሳብ ነበር። ዋጋውም አስቀድሞ ተቆርጧል፤ ዝቅተኛው 2፣ ከፍተኛው 15 የእንግሊዝ ፓውንድ። በመግዣው ደንብ ከተዘረዘሩት የሐሳብ ዓይነቶች መካከል አንዱ አደጋን ለመከላከል የሚያገለግል መሣሪያ መፍጠር ወይም ወደ ሥራው ማስገባት ነበር።

ኩባንያው ዊልያም ዴኒ እና ወንድሞቹ ይባላል። ዛሬ በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ አቧራ የሚጠጣው የአስተያየት መስጫ ሣጥን የዘር ሐረጉ ቢቆጠር፣ ከሚደርስባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ ይኸው ግቢ ነው። ልዩነቱ የዴኒ ሣጥን ዋጋ የተለጠፈበት መሆኑ ነው።

ጉዳዩ የመርከብ ታሪክ ብቻ አይደለም። ሕንፃ የሚያስገነባ፣ ፋብሪካ ያቋቋመ፣ መጋዘን የሚያከራይ ሁሉ ከአደጋ ጋር የሚያገናኘው ሒሳብ አለ። አደጋውን አስቀድሞ የሚያየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን መወጣጫው ላይ የቆመው ሰው ነው። ይህ ሰው ያየውን ለምን አይሸጥም? ገዢውስ ለምን አይጠይቀውም? የዴኒ ግቢ ታሪክ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ አለው።

የክላይድ ዳር ሥራ

ደምባርተን የሌቨን ወንዝ ከክላይድ ወንዝ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ክላይድ ከዓለም ታላላቅ የመርከብ መሥሪያ ሥፍራዎች አንዱ ነበር። የዴኒ ቤተሰብ ኩባንያ በ1844 የተመሠረተ ሲሆን፣ ለአዲስ ነገር እጁን የማያጥፍ በመሆኑ ይታወቅ ነበር። በ1879 ያወረዳት "ሮቶማሃና" በለስላሳ ብረት ከተሠሩ የመጀመሪያዎቹ የውቅያኖስ ንግድ መርከቦች አንዷ ነበረች። በ1883 ደግሞ የመርከብ ሞዴሎች የሚሞከሩበት ረጅም የውኃ ገንዳ ሠርቶ ጨረሰ። በግል ኩባንያ የተሠራ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ገንዳ ይኸው ነው።

ሥራው ግን አደገኛ ነበር። የመርከቡ ግድግዳ እየቆመ በሄደ ቁጥር ሠራተኛው በሳንቃ መወጣጫ ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ከበላዩ ከባድ የብረት ሰሌዳ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሰሌዳዎቹ የሚያያዙት በሪቬት ሲሆን፣ አንዱ ሠራተኛ ሪቬቱን በእሳት ያግለዋል፣ ሌላው ቀልቦ ቀዳዳው ውስጥ ይከትተዋል፣ ሦስተኛው ከኋላ ደግፎ ይይዛል፣ ሌሎቹ ከፊት በመዶሻ ይቀጠቅጣሉ። የሳተ ሪቬት፣ የተንሸራተተ ሳንቃ፣ የተበጠሰ ሰንሰለት የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ጩኸቱ ሌላ ጣጣ ነበር። የግላስጎው የጆሮ ሐኪም ዶክተር ቶማስ ባር በ1886 ባሳተሙት ጥናት 100 የቦይለር ሠራተኞችን መርምረው፣ መስማቱ ጤነኛ የሆነ አንድም ሰው አላገኙም። ሰውየው ጆሮው ቀስ በቀስ እየደነቆረ መሆኑን ራሱ ያውቃል። ሆኖም በደመወዙ ላይ የተጨመረለት ነገር አልነበረም፤ "ምን ቢደረግ ይሻላል?" ብሎ የሚጠይቀውም እምብዛም ነበር።

ዋጋው ሲቆረጥ

ሽልማቱን የጀመሩት ሚስተር ዊልያም ዴኒ ልጁ በወቅቱ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ደንባቸው ሰባት ዓይነት ሐሳቦችን ይቀበላል። አዲስ ማሽን ወይም የእጅ መሣሪያ መፍጠር፣ ያለውን ማሻሻል፣ ያለውን መሣሪያ ለአዲስ ሥራ ማዋል፣ አዲስ የአሠራር ዘዴ ማምጣት፣ አደጋን የሚከላከል መሣሪያ መፍጠር ወይም ማስገባት፣ የዕቃ ብክነትን ማስቀረት፣ በአጠቃላይም ሥራውን በጥራት የሚያሻሽል ወይም በወጪ የሚያቀልል ማናቸውም ለውጥ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አደጋን መከላከል ከበጎ አድራጎት ተርታ አልገባም። ከማሽን ማሻሻልና ከብክነት ቅነሳ ጎን፣ በአንድ ሚዛንና በአንድ የዋጋ ሠንጠረዥ ተቀመጠ። ለኩባንያው፣ ሰው እንዳይወድቅ የሚያደርግ ብልሃት ሰሌዳን ፈጥኖ ከሚበሳ ማሽን ያላነሰ ሸቀጥ ሆነ።

ዋጋውን በዘመኑ ገንዘብ መመዘን ያስፈልጋል። የዘመኑ ባለሙያ መርከብ ሠሪ የሳምንት ደመወዝ ከአንድ ፓውንድ ተኩል ብዙም የማይርቅ ነበር። ስለዚህ ትንሿ የ2 ፓውንድ ሽልማት ከሳምንት ደመወዝ በላይ፣ ትልቋ የ15 ፓውንድ ሽልማት የአሥር ሳምንት ያህል ደመወዝ ነበረች።

ሐሳቡ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ወይም ፓተንት የሚገባው ሆኖ ሲገኝ ኩባንያው ፓተንቱ እንዲወጣ ይረዳ ነበር። ይህ ቀላል እርዳታ አልነበረም። እስከ 1883 ድረስ በእንግሊዝ ሕግ ፓተንት ለማውጣት በመጀመሪያ 25 ፓውንድ፣ መብቱን ለማቆየት በሦስተኛው ዓመት 50 ፓውንድ፣ በሰባተኛው ዓመት ደግሞ 100 ፓውንድ ይከፈል ነበር። ድምሩ 175 ፓውንድ ሲሆን፣ ይህ የአንድ ባለሙያ ከሁለት ዓመት በላይ ደመወዝ ነው። በ1883 የወጣው ሕግ የመጀመሪያውን ክፍያ ወደ 4 ፓውንድ እስኪያወርደው ድረስ፣ ለወዛደሩ የፓተንት ቢሮ በር የተዘጋ ያህል ነበር።

ሐሳብ የሚደበቀው ለምንድን ነው?

ደንቡ አንድ ሌላ ብልህነት ነበረው። የኮሚቴው አባላት፣ የክፍል ኃላፊዎች፣ ዋና ፎርማኖችና ሥራ አስኪያጆች ለሽልማት መወዳደር አይችሉም። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። ሠራተኛ ሐሳቡን በቅድሚያ የሚነግረው ለፎርማኑ ነው። ፎርማኑ ተወዳዳሪ ከሆነ ሐሳቡ በመንገድ ላይ ባለቤቱን ይቀይራል። አንድ ጊዜ ሐሳቡ የተወሰደበት ሰው ደግሞ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም፤ ጓደኞቹም ከእሱ ይማራሉ።

ሌላው የመደበቂያ ምክንያት የደመወዝ አከፋፈሉ ነው። በቁርጥ ሥራ የሚከፈለው ሰው ሥራን የሚያፋጥን ብልሃት ሲያገኝ፣ ለጥቂት ሳምንታት ገቢው ከፍ ይላል። ከዚያ አሠሪው "ይኼ ሥራ ቀሏል" ብሎ የቁርጡን ዋጋ ያወርደዋል። ትርፉ የአሠሪው፣ ድካሙ የሠራተኛው ይሆናል። ሚስተር ዴኒ መጀመሪያ ላይ ለቁርጥ ክፍያ አጥብቀው ይከራከሩ የነበሩ ሲሆን፣ በኋላ ግን ክፍያው በዚህ መንገድ ሠራተኛውን ሊጎዳ እንደሚችል ተቀብለዋል። ሐሳብን በተለየ ዋጋ መግዛት የዚህ ችግር አንዱ ማርከሻ ነው። ብልሃቱ የሥራውን ዋጋ ቢያወርድም ፈጣሪው ድርሻውን አስቀድሞ ይቀበላል።

የደኅንነት ሐሳብ ደግሞ የባሰ እንቅፋት አለበት። "ይህ ማሽን አደገኛ ነው" ማለት በአንዳንድ አለቃ ጆሮ "አንተ ጥፋተኛ ነህ" እንደ ማለት ነው። በጓደኞችም ዘንድ ፈሪ ያስብላል። ዋጋ ተለጥፎበት ሲጠየቅ ግን ያው ንግግር ክስ መሆኑ ይቀርና ሸቀጥ ይሆናል። ተናጋሪው ወቃሽ ሳይሆን ሻጭ ነው።

ሚስተር ዴኒ በ1887 በ39 ዓመታቸው አርፈዋል። የመርከብ መሥሪያው እስከ 1963 ድረስ ሠርቶ ተዘጋ። የመሞከሪያው ገንዳ አሁን የስኮትላንድ የባሕር ሙዚየም አካል ነው።

ገዢውን ያስገደደው ሕግ

ሸቀጥ ያለ ፈላጊ አይሸጥም። ለደኅንነት ሐሳብ ፈላጊ የፈጠረው የአደጋው ወጪ ወደ አሠሪው ኪስ መዞሩ ነው። የዴኒ ሽልማት በተጀመረበት በዚያው በ1880 የእንግሊዝ ፓርላማ የአሠሪዎች ኃላፊነት ሕግን አወጣ። በዚህ ሕግ ሠራተኛው በተቆጣጣሪው ቸልተኝነት ከተጎዳ እስከ ሦስት ዓመት ገቢው የሚደርስ ካሣ ሊጠይቅ ቻለ። በ1897 የወጣው የሠራተኞች ካሣ ሕግ ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በተወሰኑ ሥራዎች ካሣ እንዲከፍል አደረገ። ከዚያ ወዲህ የተሰበረ እግር የሠራተኛው ዕድል ብቻ መሆኑ ቀረ፤ በኩባንያው መዝገብ ላይ ወጪ ሆኖ ይጻፍ ጀመር።

በአሜሪካ በኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሚስተር ኸርበርት ሄንሪክ በ1931 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ለአደጋ ከሚከፈለው ካሣና ሕክምና ሌላ የማይታየው ወጪ አራት እጥፍ እንደሚሆን ጻፉ። የቆመ ሥራ፣ የተበላሸ ዕቃ፣ አዲስ ሰው ማሠልጠን፣ የዘገየ ርክክብ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች "አራት እጥፍ" የሚለውን ቁጥር ለየሥራው ሁሉ አይሠራም ብለው ተከራክረውበታል። የማይታይ ወጪ ስለመኖሩ ግን የተከራከረ የለም።

የሄልሜት ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ሚስተር ኤድዋርድ ቡላርድ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመለሱ የወታደሩን የብረት ቆብ አስታውሰው፣ በእንፋሎት ከለሰለሰ ሸራ፣ ከማጣበቂያና ከቆዳ በ1919 የሥራ ቆብ ሠሩ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለመርከብ መሥሪያ ሠራተኞቹ የሚሆን መከላከያ ስለፈለገ ገበያው ሰፋ። በ1933 የተጀመረው የሳን ፍራንሲስኮው የጎልደን ጌት ድልድይ ሥራ ደግሞ ሄልሜትን ግዴታ አደረገ፤ ከድልድዩም ሥር 130,000 ዶላር ገደማ የወጣበት መረብ ተዘረጋ። መረቡ 19 ሰዎችን ከሞት አተረፈ። በ1937 መወጣጫ ወድቆ መረቡን ቀድዶ 10 ሰዎች ቢሞቱም፣ በጠቅላላው ሥራ የሞቱት 11 ናቸው። በዚያ ዘመን በየአንድ ሚሊዮን ዶላሩ ግንባታ የአንድ ሰው ሞት ይጠበቅ ስለነበር፣ 35 ሚሊዮን ዶላር ለፈጀ ድልድይ ቁጥሩ እጅግ ዝቅተኛ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ገበያው ወደ መርከብ መሥሪያዎች ተመለሰ። በ1942 የአሜሪካ መንግሥት በጦር ምርት ዘመቻው የሠራተኛና የአሠሪ የጋራ ኮሚቴዎች እንዲቋቋሙ አበረታታ። ኮሚቴዎቹ የሠራተኞችን ሐሳብ ይሰበስቡ፣ የተሻለውንም ለምስክር ወረቀትና ለሽልማት ያቀርቡ ነበር። በካሊፎርኒያ የሪችመንድ መርከብ መሥሪያዎች ብቻ በጦርነቱ ዘመን 747 መርከቦች ተሠርተዋል። ብዙዎቹ ሠራተኞች ከዚያ በፊት መርከብ ሠርተው የማያውቁ ነበሩ፤ አዲስ ዓይን ደግሞ አሮጌ የለመደውን ጉድጓድ ያያል።

ሣጥኑ የማያየው አደጋ

ይሁን እንጂ ገበያው ሁሉን አይሸፍንም። ሠራተኛው ሊሸጥ የሚችለው የሚያየውን ነው። በእነዚያው የመርከብ መሥሪያዎች ቧንቧና ቦይለር የሚሸፈነው በአስቤስቶስ ነበር። ብናኙ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ማንንም አይቆርጥም፣ አያቃጥልም። የሳንባ በሽታውና ካንሰሩ ብቅ የሚለው ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ነው። መሰላሉ ስለመነቃነቁ ሐሳብ የሚያቀርብ ሠራተኛ፣ ስለ ብናኙ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ይህን ማወቅና መናገር የሐኪሙና የአምራቹ ግዴታ ነበር።

ሒሳቡ ዘግይቶ መጣ። በ1982 ታላቁ የአስቤስቶስ አምራች ጆንስ ማንቪል፣ ሥራው ትርፋማ ሆኖ ሳለ፣ ከተጎጂዎች በጎረፈው ክስ የተነሳ የኪሣራ ጥበቃ እንዲሰጠው ፍርድ ቤት ጠየቀ። የአክሲዮን ባለቤቶቹ ከዚህ የተማሩት፣ ያልታየ አደጋ ከመዝገብ ውጭ የተቀመጠ ዕዳ መሆኑን ነው። ወለዱም ይቆጠራል።

ከቶዮታ እስከ አዲስ አበባ

በ1950 የቶዮታ ኃላፊዎች አሜሪካ ሄደው የፎርድን ፋብሪካ ጎብኝተው ነበር። ይዘውት ከተመለሱት ነገር አንዱ የሠራተኛ ሐሳብ መሰብሰቢያው ሥርዓት ሲሆን፣ በ1951 በራሳቸው ፋብሪካ ጀመሩት። በጃፓን ግን መልኩ ተለወጠ። ለትልቅ ሐሳብ ትልቅ ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ ለብዙ ጥቃቅን ሐሳቦች አነስተኛ ክፍያና ፈጣን መልስ መስጠት ተመረጠ። ዓለም ካይዘን በሚለው ስም ካወቀው አሠራር አንዱ ምሰሶ ይህ ነው።

ካይዘን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በ2009 በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት እርዳታ በ30 ፋብሪካዎች ሙከራ ተጀመረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በየፋብሪካው ወለል ላይ ቢጫ መሥመር ተሠመረ፤ መሣሪያ በየቦታው ተሰቀለ። ይህ ለዓይን የሚታየው ክፍል ነው። የሠራተኛው ሐሳብ በምን ዋጋ ይገዛል፣ ማን ይዳኘዋል፣ በስንት ቀን መልስ ያገኛል የሚለው ደግሞ ለእያንዳንዱ ባለቤት የተተወ የቤት ሥራ ነው።

የእኛ ሒሳብ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ እንዲጠብቅና የመከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ ያዝዛል። ሠራተኛው ደግሞ በመሣሪያ ላይ ያየውን ጉድለት ወዲያውኑ ለአሠሪው የመንገር ግዴታ አለበት። ሕጉ መናገርን ግዴታ አደረገው፤ የዴኒ ደንብ ግን ዋጋ ቆርጦለት ነበር። ከሁለቱ የትኛው ብዙ ያናግራል የሚለውን ነጋዴ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ወጪውን በምሳሌ እንየው። በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ከመወጣጫ ወድቆ ለአንድ ዓመት ሥራ ቢፈታ፣ በአዋጁ መሠረት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈለዋል። ድምሩ 49,500 ብር ነው። ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ከሆነ፣ ሠራተኛውም በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ከሆነ፣ የአምስት ዓመት ደመወዙ 360,000 ብር ይደርሳል። ሕክምናው፣ የቆመው ሥራና የዘገየው ርክክብ በዚህ ላይ ይጨመራል። ኢንሹራንስ የገባም ቢሆን የአደጋው መዝገብ በሚቀጥለው ዓመት አረቦን ላይ መምጣቱ አይቀርም።

አሁን ለአንድ ጠቃሚ የደኅንነት ሐሳብ የአንድ ወር ደመወዝ፣ ማለትም 6,000 ብር ሽልማት እንቁረጥ። ባለሀብቱ ለ60 ሐሳቦች ቢከፍል ወጪው ከአንድ ዘላቂ ጉዳት ካሣ ጋር እኩል ነው። ከ60ው ውስጥ አንዱ ብቻ እንዲህ ያለውን ጉዳት ቢያስቀር የካሣው ገንዘብ ብቻውን ወጪውን መልሷል። የቀሩት 59ኙ የሚያድኑት ሁሉ ትርፍ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ሲሰላ ነው።

የባለቤትነቱም ነገር መታሰብ አለበት። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123 ከትልልቅ ፈጠራዎች ሌላ ለአነስተኛ ፈጠራዎች የአምስት ዓመት ጥበቃ ሰጥቷል፤ ይህም ለሌላ አምስት ዓመት ሊታደስ ይችላል። ለመጋዝ ወይም ለሊፍት የተበጀ መከላከያ እዚህ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በሥራ ውሉ መሠረት የተሠራ ፈጠራ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር፣ የአሠሪው ነው። ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ብልሃቱን ወደ ቤቱ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ጠንቃቃ ባለሀብት ድርሻውን በውሉ ላይ አስቀድሞ ይጽፍለታል።

የዓለም ሥራ ድርጅት በ2023 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራተኛ ከሥራ ጋር በተያያዘ አደጋና በሽታ ይሞታል። ከእነዚህ መካከል በአደጋ የሚሞቱት 330,000 ያህል ናቸው። የሚበዛው የበሽታው ነው። አስቤስቶስ ያስተማረው ትምህርት እዚህ ላይ ይሠራል፤ የሚታየውን ከሠራተኛው መግዛት፣ የማይታየውን በባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል።

ከዴኒ ግቢ ወደ አዲስ አበባ ግንባታ የሚሻገሩት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ዋጋው አስቀድሞ ይለጠፍ፤ ዋጋው ያልታወቀ ዕቃ ሻጭ አያወጣውም። ሁለተኛ፣ ዳኛውና ፎርማኑ አንድ ሰው አይሁኑ። ሦስተኛ፣ ሐሳቡ ባይወደድም እንኳ ምክንያቱ በአጭር ቀን ይነገር። መልስ ያላገኘ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሳንቃው ሲነቃነቅ ቢያይም ዝም ይላል፤ የዝምታው ዋጋ ደግሞ የሚታወቀው ሳንቃው ከወደቀ በኋላ ነው።